አንደኛ የወጣው ፊልም

የፈረንጆች ዓመት ሲያልቅ የፊልም ሐያስያን «የዓመቱ ምርጥ አሥር» እያሉ ይደረድራሉ። እናንተስ ትሰሟቸዋላችሁ? እኔ ሰምቼ አፍሬ አውቃለሁ።

በ1994 እ.ኤ.አ. አሜሪካውያኑ ሮጀር ኢበርትና ጂን ሲስክል ሁለቱም አንደኛ ያሉት «ሁፕ ድሪምስ»ን ነበር፤ በቅርጫት ኳስ ከድህነት ለመውጣት ስለሚለፉ ሁለት የቺካጎ ልጆች የተሠራ ዘጋቢ ፊልም ነው። የኦስካር መራጮች ግን በዘጋቢ ፊልም ዘርፍ እንኳ አላጩትም።

ለወጣቶቻችን «አንደኛ የወጣ ነው!» ብዬ ከፈትኩላቸው። ሦስት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ እንደሚቀረው አልነገርኳቸውም። ገና አንድ ሰዓት ሳይሞላ ገሚሱ ሻይ ሊጠጣ ወጥቶ በዚያው ቀረ። አልፈርድባቸውም፤ ደረጃውን እንጂ ሰዎቹ ለምን እንደወደዱት አልነገርኳቸውማ። ዝርዝር ስታነቡ ቁጥሩን እለፉትና ምክንያቱን ፈልጉ።

አንድ ልጅ ግን እስከ መጨረሻው ተቀመጠ። የእግር ኳስ ፕሮጀክት ውስጥ ይጫወታል፤ ቤተሰቡ በሙሉ ተስፋ የጣለው በእሱ ላይ ነው። ወንበር ስናነሳ ጠጋ ብሎ፣ «ጋሼ፣ እኔስ ባይሳካልኝ እማዬን ምን እላታለሁ?» አለኝ።

ወንበሮቹን ትተን ቁጭ አልን።