ባልዲ ተሸካሚዎች

አብነት ሰፈር ውስጥ ተታልሎ ወርቁን ያስረከበ ሰው የለም። ፈዝዞ እንጂ። እትዬ እገሊት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የአንገት ሐብላቸውን ለማያውቁት ጎረምሳ አውልቀው ሰጡ ከተባለ፣ ቡና ላይ የተቀመጠው ሁሉ «አፍዝ አደንግዝ ነው!» ይላል፤ ነገሩም እዚያው ይዘጋል። እንዴት እንደፈዘዙ መጠየቅ ነውር ነው። የመጀመሪያውን ሲኒማ «የሰይጣን ቤት» ብሎ የሰየመ ከተማ፣ ከጀርባ ማሽኑን ስለሚያዞረው ሰውዬ ለምን ይጨነቃል?

እኔ ግን ጓዳ ጓዳውን ማየት እወዳለሁ። የትርኢቱ አካሄድ የታወቀ ነው። ኮንጎ ጫማ ያደረገ፣ ጋቢ ያጣፋ ባላገር መሳይ ልጅ ጠጋ ብሎ «እማማ፣ ልደታ ማርያም በየት በኩል ነው?» ይላል። ወሬ ወሬን ሲያነሳው በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ከጉያው ብቅ ይላል፤ የቀን ሥራ ላይ ጉድጓድ ስቆፍር አገኘሁት ባይ ነው። ያኔ ከረባት ያሰረ መንገደኛ «በአጋጣሚ» ይደርሳል። ጨርቁን ገለጥ አድርጎ ያይና ወደ ጆሯቸው ጎንበስ ይላል፦ «እናቴ፣ ይሄ እኮ ጥሩ ወርቅ ነው። ልጁ ዋጋውን አያውቅም።» ሐብሉ መያዣ ይሆናል፤ ናሱ በነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ ቤት ይገባል።

እስቲ ሥራውን አስቡት። ጋቢው መቆሸሽ አለበት፤ ከልክ በላይ ከቆሸሸ ደግሞ እማማ አፍንጫቸውን ይዘው ይሸሻሉ። ናሱን ማታ ማታ በአመድና በሎሚ የሚያሽ ሰው ያስፈልጋል። ባለከረባቱ ቶሎ ከደረሰ ያስነቃል፤ ከዘገየ አሮጊቷ መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። ማዶ፣ ከሱቁ በረንዳ ላይ፣ ፖሊስ መጣ አልመጣ የሚል አንድ ዝምተኛ አለ፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ትንፍሽ አይልም።

ፈረንጆቹ ይህንን በአዳራሽ አድርገውታል። እ.ኤ.አ. በጥር 1921 ፒ. ቲ. ሴልቢት የተባለ ምትሃተኛ ለንደን በሚገኘው ፊንስበሪ ፓርክ ኢምፓየር ሴት ሳጥን ውስጥ ከትቶ በመጋዝ ለሁለት ቆረጠ። የእንጨቱ ብናኝ እየበነነ፣ ሰዉ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ መጋዙን ያይ ነበር። እኔን ግን የሚማርከኝ ደጅ የሚሠራው ሥራ ነው። በአንዱ ትርኢትና በሌላው መካከል የመድረክ ሠራተኞች ባልዲ ሙሉ ቀይ ውኃ እየተሸከሙ ወጥተው ቦይ ውስጥ ይደፉ ነበር፤ አላፊ አግዳሚው እንዲያይ። የተከራየ አምቡላንስም ከተማውን ይዞር ነበር። ሴትዮዋን የቆረጣት መጋዙ ነው ትላላችሁ? እኔ ባልዲው ነው እላለሁ። ትኬቱ ገና ሳይቆረጥ ሰውዬው መንገድ ላይ አምኖ ጨርሷል።

የእኛው መድረክም ቢሆን በዚህ አይታማም። ሴት መድረክ ላይ መውጣቷ ነውር በነበረበት ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ ይጫወቱ የነበሩት ተስፋዬ ሣህሉ ናቸው፤ ኋላ በቴሌቪዥን የልጅ ሁሉ አባባ ተስፋዬ የሆኑት። ያን ቀሚስ ማን አጠበበላቸው? ሻሹን በየትኛው ወገን እንደሚያዘሙ ያሳያቸው ማን ነው? ታዳሚው ፈዝዞ አየ፣ አጨበጨበ፣ ቤቱ ገባ፤ አንድም ሰው ክስ አልመሠረተም።

የአብነቱ ግን አንዳንዴ ልደታ ፍርድ ቤት ይደርሳል። እዚያ አፍዝ አደንግዝ አይሠራም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 የተጻፈው ስለ ማታለል ነው፤ ስለዚህ ዓቃቤ ሕጉ የቡና ላይ ነውሩን ጥያቄ ይጠይቃል። ምን አሉዎት? እርስዎስ ምን አሰቡ? እትዬ እገሊት ጥላ ወጊው ሁሉ እንደተረባረበባቸው በዝርዝር ሊናገሩ ይችላሉ፤ «ልጁ ዋጋውን አያውቅም» የምትለዋ ጋ ሲደርሱ ግን ድምፃቸው ዝቅ ይላል። ነጠላቸውን ያስተካክላሉ። እዚያች ላይ እሳቸውም አንድ ባልዲ ይዘው ነበርና።

አልፈርድባቸውም። ርካሽ ወርቅ ጆሮ ውስጥ ሲንሾካሾክ ማን ነው የማይፈዝ? ደግሞስ ቡና ላይ ስስት ከማለት ድግምት ማለት ይሻላል፤ ድግምት ለጎረቤትም ይተርፋል፣ ነገ በእሱም ሊደርስ ይችላላ።

የከረባቱ ነገር ግን ይከነክነኛል። የራሱ ነው ወይስ የኪራይ?