መንደር 7 የሚጫነው ዘፈን

ከእንጅባራ ወደ ምዕራብ የሚገነጠለው መንገድ ቁልቁለቱን ሲጀምር ቀድሞ የሚለወጠው አየሩ ነው። ጋቢ የተከናነበው የአዊ ፈረሰኛ ኋላ ይቀራል፤ ጃኬት ይወልቃል፤ የሚኒባሱ መስኮት ሁሉ ይከፈታል። ቻግኒ ላይ ቡና ጠጣን። ዘፋኟ እጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) የተወለደችበት ከተማ ስለሆነ ሾፌሩ የጂጂን ዘፈን ይከፍታል ብዬ ጠብቄ ነበር። የከፈተው ግን ያን ሰሞን ከአዲስ አበባ ጀምሮ ባጃጁ ሁሉ ሲያስጮኸው የሰነበተውን የፍቅር ዘፈን ነው። ዜማው ያው ነው፤ ኪቦርዱ ያው ነው፤ ድምፁና ግጥሙ ግን የሌላ ሰው፦

ሌሊት ሙሉ ዘፍና ጆሮዬን ነካክታ፣
ደሜን መጥጣ ሄደች አጎበሬን ፈትታ።

ተሳፋሪው ከት ብሎ ሳቀ። እኔ ዘግይቼ ነው የሳቅሁት። ቢንቢ የሚለው ቃል የትም አልተነሳም፤ አጎበር እስኪመጣ ድረስ ሰሚው የሚያስበው ስለ ሴት ነው። ይህን ለመሳቅ ወባ ያለበት አገር ሰው መሆን ይጠቅማል። ረዳቱን የማነው ብለው፣ «የፓዌ ልጅ ነው። እኛ ጋ ኦሪጅናሉን ማን ይሰማዋል!» አለኝ።

ጉዞዬ ማንጎ ለመብላትና የበለስን ወንዝ ለማየት ነበር። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ግን ሐሳቤ ሁሉ ወደዚህ ልጅ ሄደ።

ፓዌን ያላየ ሰው ካርታ ላይ አንድ ወረዳ ብቻ ይመስለዋል። እኔ ግን ገበያው ላይ ቆሜ ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። አንዷ በወሎ አማርኛ ሽንኩርት ትጠራለች፤ አጠገቧ ያሉት በከምባትኛ ዋጋ ይከራከራሉ፤ ሐዲይኛ አለ፣ ወላይትኛ አለ፣ አገውኛ አለ፤ ማር ይዛ የመጣችው የጉሙዝ እናት ደግሞ በራሷ ቋንቋ ከልጇ ጋር እያወራች ከደንበኛዋ ጋር በአማርኛ ትነግዳለች። ሰፈሮቹ እስከ ዛሬ የሚጠሩት በቁጥር ነው። የወረዳው ገበያና ጫጫታ ያለው መንደር 7 ነው።

ይህን ሁሉ ሕዝብ አንድ ላይ ያመጣው የ1977ቱ ድርቅ ነው። ደርግ ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከጎጃም፣ ከጎንደርና ከደቡብ አንስቶ ከ80 ሺህ በላይ ሰው በበለስ ሸለቆ በ48 መንደሮች አሰፈረ። መሬቱ ባዶ አልነበረም፤ የጉሙዝ ነበር። ብዙ ሰፋሪ በሙቀቱና በወባው አለቀ፤ ብዙው ጠፍቶ ወደ አገሩ ተመለሰ። የጣሊያን መንግሥት ገንዘብ ሰጥቶ ሳሊኒ የተባለው ኩባንያ የጣና በለስን ፕሮጀክት ሠራ፤ ሆስፒታሉ፣ መንገዱ፣ ትራክተሩ የዚያ ዘመን ናቸው። ያው ሳሊኒ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በዚያው መተከል ዞን፣ ጉባ ላይ የሕዳሴውን ግድብ የገነባው ነው። ከ2011 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ዞኑ በግድያና በመፈናቀል ተናጠ። ይህን ሁሉ የማነሳው ለታሪክ ብዬ አይደለም፤ ልጁ የትኛውን ዘፈን እንደሚገለብጥና የትኛውን እንደማይነካ ያለዚህ ስለማይገባ ነው።

ልጁን ያገኘሁት ሱቁ ውስጥ ነው። የሞባይል ጥገናና የሙዚቃ መጫኛ። አንድ ላፕቶፕ፣ ሁለት ስፒከር፣ የተበታተኑ ስልኮች የተደረደሩበት ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ «ዱቤ ነገ» የሚል ወረቀት። ደንበኛ ይመጣል፣ ሚሞሪውን ወይም ፍላሹን ይሰጣል፣ የሚፈልገውን ይናገራል፣ ይጫንለታል። አባቱ ከከምባታ፣ እናቱ ከወሎ፤ ጉሙዝኛ የቻለው ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ነው። ስሜን ባትጽፈው ይሻላል ስላለኝ አልጻፍኩም።

«እንዴት ትመርጣለህ?» አልኩት።

«እኔ አልመርጥም ጋሼ፤ ሚሞሪው ነው የሚመርጠው» አለና ሳቀ።

ከዚያ አስረዳኝ። ዘፈን ሲወጣ በመጀመሪያ የሚያስጭኑት የባጃጅ ልጆች ናቸው። ቀጥሎ ተማሪዎች። ቀጥሎ ከገጠር መንደሮቹ ለገበያ የሚመጡ። እሱ የሚጠብቀው የመጨረሻዎቹን ነው። ከአንድ ወገን ብቻ የሚጠየቅ ዘፈን የቱንም ያህል ቢወደድ አይሆነውም። የከምባታው ሽማግሌ፣ የጉሙዙ ጎረምሳና የወሎዋ ባለ ሻይ ቤት ያው አንድ ዘፈን ይጫንልኝ ብለው በአንድ የገበያ ቀን ሲመጡበት፣ ያኔ «ደረሰ» ይላል። ቀልድ የሚሠራው ሁሉም ኦሪጅናሉን በቃሉ ሲያውቅ ብቻ ነው፤ አንድ ሰው እንኳ «ምኑ ነው የተቀየረው?» ብሎ ከጠየቀ ሥራው ተበላሸ። ዩቲዩብ ላይ ሚሊዮን ታየ ቢሉት ግድ የለውም። «ሚሊዮኑ ፓዌ አይኖርም» አለኝ።

ጊዜውም ያው ራሱን የቻለ ሒሳብ አለው። ዘፈኑ ትኩስ ሳለ ሰው የሚፈልገው ዘፈኑን ራሱን ነው፤ ቀልድ ብታመጣበት ይቆጣል። በጣም ከቆየ ደግሞ ማን ያስታውሰዋል? ሰዉ እየወደደው ትንሽ ሲሰለቸው፣ ባጃጁ ውስጥ ሲከፈት አንዱ «ኧረ ዛሬስ ቀይረው» ሲል፣ ያኔ ነው።

ላፕቶፑን አዞረልኝና የተዋቸውን አሳየኝ። ፈጣን የጭፈራ ዘፈን አይወስድም፤ ቃሉ ስለሚበዛና ስለሚደራረብ አዲሱ ግጥም አይሰማም። ራሱ የሚያስቅ ዘፈንም አይጠቅመውም። የሚፈልገው ዘፋኙ ከልቡ የሚያለቅስበትን ነው፤ አዝማቹ አጭር፣ መጨረሻው የሚሳብ፣ መንደር ሙሉ አብሮ የሚጮኸው። ለቅሶው በበረታ ቁጥር ቢንቢውም፣ የተሰረቀው ዶሮም፣ ጎማው የፈነዳው ባጃጅም የበለጠ ያስቃል። አንዱን አዝማች ከፍቶ በአፉ ሳያሰማ በከንፈሩ ብቻ ሲቆጥር አየሁት። ቃል ሳይሆን ሆሄ ነው የሚቆጥረው። አዲሱ ስንኝ በአሮጌው ልክ ገብቶ፣ የሚያዞረው ቃል ቤት መምቻው ላይ እስኪወድቅ ድረስ ይፍቃል፣ ይጽፋል። የቢንቢዋን ስንኝ «ገልጣ» ብሎ ጀምሮ ቤቱ ስላልመታለት ነው «ፈትታ» ያላት። አጎበር የምትፈታ ቢንቢ የለችም አልኩት። «ለዚህ ነው የሚሳቀው» አለኝ። ተረታሁ።

ነገሩ እንግዳ ሊሆን አይገባም ነበር። አዝማሪ «ተቀበል» ሲባል የተሰጠውን አዲስ ስንኝ በቆየ ዜማ ላይ ማዜም ሥራው ነው። በቡሄ ሆያ ሆዬ የሚሉ ልጆች አዝማቹን አይነኩም፤ ግጥሙን ግን በየቤቱ ባለቤት ልክ ይሰፉታል። የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊዎችም ስታዲየም ውስጥ ሬዲዮ የለመደውን ዘፈን ለቡድናቸው ቀይረው ይዘፍናሉ። ሱዳኖቹ ዜማቸው እንደ እኛው በአምስት ድምፅ የሚሄድ ስለሆነ፣ ስንቱ የሱዳን ዜማ የአማርኛ ግጥም ለብሶ እንደወጣ የድሮ ካሴት የሰማ ያውቀዋል። ፓዌ ያየሁት የተለየ ነገር ምርጫው ላይ ያለው ጥንቃቄ ነው።

ጥንቃቄው ከየት እንደመጣ የገባኝ የሻይ ቤቷን እማማ ሳነጋግር ነው። በልጅነታቸው ከወሎ ከመጡት አንዷ ናቸው፤ የተዳሩትም እዚሁ ሰፈራ ላይ ነው። ልጁን ይወዱታል፤ ስለ ቢንቢው ሲነሳ ዛሬም በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ይስቃሉ። ስለ ዱሮው ስጠይቃቸው ግን ሳቁ ቆመ።

«ኪነት ነበር ልጄ። ካድሬው ልጆቹን ሰብስቦ ያሰለጥናል። የእኛን የሰርግ ዘፈን ዜማውን ወስደው ስለ ትራክተርና ስለ አምራቾች ዘፈኑበት። እናቴ ለእኔ ሰርግ የምትዘፍነውን! ማን ይናገራል? አጨብጭቡ ተባልን፣ አጨበጨብን።»

በደርግ ዘመን በየቀበሌው ያለ ኪነት የሕዝቡን ዜማ እየወሰደ የመፈክር ግጥም ያለብሰው እንደነበር በመጽሐፍ አንብቤ አውቃለሁ። ዜማዋ የተወሰደባት ሴት ፊት ቁጭ ብዬ ስሰማው ግን ሌላ ነገር ሆነብኝ። ይሄም ዘፈን መገልበጥ ነው፤ ያውም የተሳካ። ሳቅ ብቻ ነው የጎደለው።

ልጁ ይህን ታሪክ በልጅነቱ ደጋግሞ ሰምቶታል። ስለዚህ የሰርግ ዘፈን አይነካም፤ የወሎም ይሁን የከምባታ። ሙሾ የሚመስል ነገር አይነካም። ሽማግሌዎች ቀዬአቸውን የሚያነሱበትን ትዝታ አይነካም። አንድ ብሔረሰብ «የኔ» የሚለውን ዘፈን ቋንቋውን ቢችል እንኳ አይወስድም፤ የጉሙዝ ዜማ ሲያምረው የጉሙዝ ጓደኛውን ይጠራል፤ ግጥሙንም ጓደኛው ነው የሚያወጣው። «በዚያ ክፉ ጊዜ ሰው በዘፈን ይጣላ ነበር» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ ከዚያ በላይ አልጨመረም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

«ጂጂንስ?» አልኩት።

«ጂጂማ የጎረቤት ልጅ ናት፤ ትቀመጥ።»

በዚህ ሥራ ዓለም የሚያውቀው አሜሪካዊው ዊርድ አል ያንኮቪክም ተመሳሳይ አጥር አለው። እ.ኤ.አ. በ1984 የማይክል ጃክሰንን «ቢት ኢት» ወደ ምግብ ዘፈን ገልብጦ ዝነኛ ሆነ። የአገሩ ሕግ ብዙ ጊዜ ባያስገድደውም ዘፋኞቹን ያስፈቅዳል። ማይክል ጃክሰን ሁለት ዘፈን ፈቅዶለት «ብላክ ኦር ዋይት» ላይ ግን መልእክቱ ከባድ ስለሆነ «ይሄስ ይቅር» አለው፤ ተወው። ፖል ማካርትኒ ሥጋ ስለማይበላ ዘፈኑ ወደ ዶሮ ፓይ እንዲቀየር አልፈለገም፤ ያንንም ተወው። ፕሪንስ ጨርሶ ፈቅዶለት አያውቅም። ይህን ለልጁ ስነግረው ትኩረቱን የሳበው ማስፈቀዱ ነው። «እኔ ማንን ላስፈቅድ? አዲስ አበባ ያሉት ፓዌን አያውቋትም» አለ። የእኛ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲ ሥራው ሲዛባ የመቃወም መብት እንዳለው ይደነግጋል። ነገርኩት። በአዋጁ ዓይን የሱቁ ሥራ ራሱ፣ ያ ሁሉ የሚጫን ዘፈን፣ ከቀልዱ የባሰ ጥያቄ እንደሚያስነሳ ግን ለራሴ ያዝኩት፤ ሚሞሪዬን ሞልቶልኝ ነበርና።

እማማ ግን መልስ ነበራቸው። «ከእኔ ያስፈቅዳል» አሉ። እውነትም አዲስ ግጥም ሲጨርስ በመጀመሪያ የሚያሰማው ሻይ ቤታቸው ውስጥ ነው። ከሳቁ ይወጣል። ዝም ካሉ ከላፕቶፑ ይጠፋል። አዲስ አበባ ውስጥ በየሳምንቱ ከሚወጡት የዘፈን ቀልዶች መካከል እንዲህ ያለ ወንፊት ያለፈ ስንት ይገኛል? የሚበዙት የተመረጡት ስለታዩ ነው፤ ለዚህም ነው በሳምንታቸው የሚሞቱት። የፓዌው ልጅ አመራረጥ ይበልጣቸዋል ስል ፍቅር ይዞኝ ብቻ አይደለም።

ፓዌ የምትሄዱ ካላችሁ መንገዱ በእንጅባራ፣ በቻግኒና በግልገል በለስ ነው፤ ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም ጠይቁ፤ አጎበር ያዙ። በማንጎው ወቅት ከሆነ ጥላውም ፍሬውም ይበቃችኋል። መንደር 7 ስትደርሱ ሚሞሪያችሁን ስጡና ዝም በሉ። የሚጫነውን ልጁ ይምረጥላችሁ፤ ሒሳቡን ግን ዱቤ እንዳታደርጉበት።