አቀንጭራ በስሪንቃ ማሳ

ከወልዲያ ወደ መርሳ የሚወስደው መንገድ ዳርና ዳሩ በጥቅምት ማሽላ ነው። እሸቱ ወተት ቋጥሯል፤ ልጆች ማማ ላይ ቆመው በወንጭፍ ወፍ ይጠብቃሉ። የሐብሩን ወረዳ ከዚያ በፊት በዚህ ወር አላየሁትም ነበርና ስሪንቃ ላይ ወርጄ በማሳዎቹ ድንበር ገባሁ። ከማሽላው እግር ሥር ሐምራዊ አበባ ፈክቷል። ውበቱ ያስቆማል።

«አትውደደው ልጄ፣ አቀንጭራ ነው» አሉኝ የማሳው ባለቤት እየነቀሉ። «አበባው ሲታይ አልቋል፤ የሚበላው ከሥር ነው።»

እውነታቸውን ነው። ዘሩ እንደ አቧራ የደቀቀ ነው፤ አንዱ ተክል በአሥር ሺዎች ይበትናል፤ አፈር ውስጥም ከአሥር ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል። ዝናብ ብቻውን አያበቅለውም። የሚነቃው በአቅራቢያው ያለ ሥር የሚያመነጨው ስትሪጎላክቶን የተባለ ኬሚካል ሲደርሰው ነው። ከዚያ በኋላ ማሽላው ሥር ላይ ተጣብቆ ይመጠዋል።

እንዲህ የተቀናጀ ነገር ቀስ በቀስ እንዴት ተገኘ? ግማሽ ጥገኛ መሆን ምን ይበጃል? እንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ሚቫርት ይህን ዓይነት ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ1871 ለዳርዊን አቅርቦ ነበር፤ ዳርዊንም በዓመቱ በወጣው የ«ዝርያዎች አመጣጥ» መጽሐፉ ስድስተኛ እትም ላይ አዲስ ምዕራፍ ጨምሮ መለሰለት። ጥያቄውን አከብረዋለሁ። «ጊዜው ረጅም ነው» ማለት ብቻ መልስ አይሆንም፤ እያንዳንዱ እርምጃ በዘመኑ መጥቀም ነበረበት።

አቀንጭራ ግን ዱካውን አላጠፋም። ቅጠሉ ዛሬም አረንጓዴ ነው፤ ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ይሠራል። ሊንደንበርጊያ የተባለው ዘመዱ ጥገኛ አይደለም። ሌላው ዘመዱ ሪናንተስ ብቻውን መኖር ይችላል፤ አስጠጊ ካገኘ ግን ይመጥጣል። ኦሮባንኬ የተባለው ሌላ ዘመዱ ደግሞ አረንጓዴነቱን ጨርሶ ጥሏል። ግማሽ መንገድ ላይ ያሉት ሁሉ ዛሬም ይኖራሉ፣ ይራባሉ!

ስትሪጎላክቶንም ለአቀንጭራ የተላከ ጥሪ አልነበረም፤ ፎስፈረስ ያነሰው ተክል ሥሩን የሚረዱ ፈንገሶችን የሚጠራበት ነው። መቀበያውም ጥንታዊ ነው። ብዙ ዕፅዋት በቃጠሎ ጭስ ውስጥ ያለን ምልክት የሚለዩበት ፕሮቲን አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 እንደታወቀው፣ የዚህ ፕሮቲን ጂን ቅጂዎች በአቀንጭራ ውስጥ በዝተዋል፤ አንዳንዶቹም ተለውጠው ስትሪጎላክቶንን ለዩ። መምጠጫውስ? የጎን ሥር የሚያበቅሉት ጂኖች ናቸው ለእሱም የዋሉት። ይህን ሳስብ አበባውን ይበልጥ ወደድኩት፤ ለሰውዬው ግን አልነገርኳቸውም።

ማሽላም የራሱን እርምጃ ወስዷል። አንድ ጂን የጎደላቸው ዝርያዎች የስትሪጎላክቶናቸው ዓይነት ስለተለወጠ አቀንጭራን እምብዛም አይቀሰቅሱም። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ የደከሙት አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ ለማውጣት ነው፤ ጎቢዬና አብሽር የተባሉት ዝርያዎች ከዚያ ሥራ የመጡ ናቸው።

ሰውዬውን እነዚህን ዘርተው እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«አገዳው አጭር ነው» አሉኝ። «ከብቱ ምን ይብላ? በምንስ እናጥር?»

ለከርሞ ዘር የሚለዩት ከዚሁ ማሳ ነው፤ አቀንጭራ ከቦት ሳለ አገዳው የረዘመውን፣ ራሱም የሞላውን።