ተስፋና ምኞት

 

«ተስፋ አለኝ» የማይል ሰው የለም። ነገር ግን ተስፋ (ረጃእ) እና ባዶ ምኞት (ተመኒ) አንድ አይደሉም። ኢማም አል-ገዛሊ «ኢሕያእ ዑሉሙዲን» በተሰኘው ኪታባቸው ሁለቱን የለዩት በገበሬ ምሳሌ ነው። ለም መሬት መርጦ፣ ጥሩ ዘር ዘርቶና አርሞ የአላህን እዝነት የሚጠባበቅ ሰው ተስፋ አለው። በጭንጫ ላይ በትኖ ምርት የሚጠብቅ ግን ራሱን ያታልላል።

ይህ ምሳሌ ለሸዋ ሮቢትና ለይፋት ቆላ ሰው እንግዳ አይደለም። ገበሬው ማሽላውን በሚያዝያና በግንቦት ይዘራል። ዝናቡ ሲቋረጥ ቡቃያው ይደርቃል። ያን ጊዜ ዱዓ ይደረጋል። ከዱዓው መልስ ግን እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ መሬቱን ገልብጦ በክረምቱ ዝናብ ቶሎ የሚደርሰውን ጤፍ ወይም ማሾ ይዘራበታል። ልብ በሉ! ይህ የሚሳካው በክፉው ወር ዘሩን ሳይበላ ላቆየ ቤተሰብ ነው። ልጆች እየራባቸው ዘር ማቆየት ቀላል ፈተና አይደለም።

በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ብዙ ቤተሰብ ቤቱን ጥሎ ተሰደደ። ከዚያም ተመልሶ ሱቁን ጠገነ፤ እርሻውን አረሰ። ይህን ያደረገው ሐዘኑ ስለወጣለት አይደለም። ነቢዩ ያዕቁብም (ዐ.ሰ.) ዓይናቸው በሐዘን ነጥቶ ሳለ ነው ልጆቻቸውን «ከአላህ እዝነት ተስፋ አትቁረጡ» ብለው ዩሱፍን ፍለጋ የላኩት። ማዘን ተስፋ መቁረጥ አይደለም፤ ተስፋ መቁረጥ ፍለጋውን መተው ነው።

ወደየቤታችን እንመለስ። ልጃችን አንድ ነገር ሲለምነን «ኢንሻአላህ» ብለን እንሸኘዋለን፤ በልባችን ግን «አይሆንም» ብለናል። ይህ ሲደጋገምበት ልጁ ኢንሻአላህ ማለት እምቢታ ነው ብሎ ይማራል። ሲጎረምስም በአፋር በረሃ አቋርጦ፣ በጀልባ ባሕር ተሻግሮ ወደ ዐረብ አገር ሊሄድ ይነሳል። «በአላህ ተወክያለሁ» ይላል። ነፍስን ለጥፋት መጣል ተወኩል እንዳልሆነ ልንነግረው ይገባል። ነገር ግን እዚህ የሚዘራው ነገር ካጣ ምክር ብቻውን አያስቀረውም። ከማሳችን ጥቂት ጥማድ፣ ከሱቃችን መነሻ ገንዘብ፣ ወይም የሚማረው ሙያ እንደ ዘር እህል እናቆይለት። ያኔ ኢንሻአላህ ስንለው ያምነናል።

ወላሁ አዕለም።