ጀማሪው ሲሄድ

ሥራን መጀመር ለብዙ ሰው ይቻላል፤ ጀማሪው ከሄደ በኋላ እንዲቀጥል አድርጎ ማቆም ግን የጥቂቶች ጥበብ ነው። ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ይህን ከአንድ የሙዚቃ ቡድን ታሪክ እንማር።

ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ በ1963 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በምንለው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመ። መሥራቹ ሐሊም ኤል ዳብ የተባለ በግብፅ የተወለደ የሙዚቃ ደራሲ ነበር። በአገራችን ልማድ አዝማሪ መሰንቆውን ለብቻው ይመታል፤ በገና ለጸሎት ይደረደራል፤ እረኛም ዋሽንቱን በመስክ ይነፋል። በዚህ ቡድን ግን የልዩ ልዩ ሕዝብ መሣሪያዎች በአንድ መድረክ ተገናኙ። ለብቻው መናገር የለመደው መሰንቆ፥ ዋሽንቱ ሲናገር ዝም ማለትን መማር ነበረበት።

ሐሊም ብዙ ሳይቆይ ከአገር ወጣ፤ ቡድኑ ግን አልፈረሰም። ከ1966 ጀምሮ ተስፋዬ ለማ መራው። መሰንቆ መቺው ጌታመሳይ አበበም ቻርልስ ሳተን የተባለውን አሜሪካዊ የሰላም ጓድ አባል መሰንቆ አስተማረው። በ1969 ቡድኑ «ብሉ ናይል» በሚል ስም አሜሪካን እየዞረ ተጫወተ። በ1975 ቢበተንም የተቀዳው ድምፁ በ2007 «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ እትም 23ኛ ቁጥር ሆኖ ታተመ። ከተበተነ ከ32 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

እኔም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ በአራት ድምፅ እንዘምር ነበር፤ የራሱን ድምፅ ብቻ የሚሰማ ዘማሪ የሁሉንም ዜማ እንደሚያበላሽ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ዛሬ በምኖርበት በንፋስ ስልክ ላፍቶ ወጣቶች ክራርና ከበሮ ይዘው ሲሰባሰቡ አያለሁ። ችሎታ አያንሳቸውም። የሚለያያቸው «መሪው ማን ነው? ስሙስ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው። አንድ የሰፈራችን ልጅ ከጓደኞቹ ተጣልቶ ክራሩን ግድግዳ ላይ ሰቀለና፥ «ጋሼ፥ እስቲ ያለ እኔ ምን እንደሚሠሩ አያለሁ» አለኝ።

«ልጄ፥» አልሁት፥ «ያለ አንተ መሥራት ካልቻሉ፥ እስከ ዛሬ ያቋቋምኸው ቡድን ሳይሆን ራስህን ነው።»

አልመለሰልኝም። እኔም አልጨመርሁበትም፤ ምክር ሲበዛ ይሰለቻልና።

አባቶቻችን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይላሉ። ስለዚህ ከጓደኞችህ ጋር አንድ ነገር ስትጀምር የምታውቀውን አትደብቅ፤ ለባልንጀራህ አስተምረው። ስምህ ቢረሳ እንኳ ሥራህ ይኖራል፤ ሥራው ከፈረሰ ግን ስሙ ለማን ይጠቅማል?