ድርቆሽ የጫነው ተሳቢ

ቤታችን ሐዋሳ፣ እንጀራችን ደግሞ መንገድ ላይ ነው። ከእኛ መካከል አባወራው ተሳቢ ያለው የጭነት መኪና ይዞ ሞያሌ ሲመላለስ ዓመታት አስቆጥሯል። በ2015 ዓ.ም. የካቲት ወር፣ ሻዕባን እንደገባ፣ ልጃችንን ጨምረን ጋቢና ውስጥ ተጨናንቀን የሄድንበትን አንድ ቀን ልናካፍላችሁ ወደድን።

ቦረናን ያን ጊዜ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከድተውት ነበር። ጋናውም ሀጋያውም ቀርቶ ከብቱ እንደ ቅጠል ረግፏል። ዱብሉቅ የምትኖረው የአባወራው ታናሽ እህት «ወንድሜ፣ የቀሩኝ አምስት ላሞች ናቸው፤ እነሱም ሰው ካላነሳቸው አይቆሙም» ብላ ደወለች። ለእሷ 40 እስር ድርቆሽ ገዝተን ከፊተኛው መኪና፣ ከነጋዴው ዕቃ በላይ አሰርን። ተሳቢው ላይ ያለው ግን የእኛ አልነበረም። የሰፈራችን ሰው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ አዋጥቶ ዱብሉቅ መጠለያ ላሉ ተፈናቃዮች የላከው ዱቄትና ድርቆሽ ነው።

ሱብሒን ሰግደን፣ የጉዞ ዱዓ አድርገን ወጣን። መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ተሳቢ ለሚጎትት ግን ሙሉ ቀን ይፈጃል። እስከ ዲላ በእንሰትና በቡና መካከል ደኅና ተጓዝን። ከዚያ ወዲያ ዳገቱና ጥምዝምዙ ይበዛል። ተሳቢ ቁልቁለት ላይ ፊተኛውን መኪና ይገፋል፤ ስለዚህ በወጡበት ማርሽ መውረድ ግድ ነው። ፍሬን ብቻ ያመነ ሾፌር፣ ፍሬኑ ሲግል ባዶ እጁን ይቀራል። ቡሌ ሆራ ላይ ዙህርና ዐስርን አሳጥረን አንድ ላይ ሰገድን።

ከቡሌ ሆራ በኋላ ልምላሜው አለቀ። ቀይ አፈር፣ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ ኩይሳ፣ ያቤሎ ስንቃረብ ደግሞ የመንገድ ዳር የከብት አጥንት። አንድ ሽማግሌ ከአንዲት ላም ጋር ቆመዋል። ገንዘብ አልለመኑንም፤ ጣታቸውን ወደ ጭነቱ ብቻ ቀሰሩ።

መኪናው ቆመ። ረዳቱ ወደ ተሳቢው ሲሄድ የቤቱ እመቤት «ተሳቢው አይነካም፣ አማና ነው! ከእኛው ይውረድ» አለች።

«የእህቴ ላሞችስ?» አለ አባወራው።

«እኚህን ሽማግሌ አልፈን ብንደርስስ እህትህ ምን ትለናለች?»

ሁለት እስር ወረደ። ከዚያ ወዲያ የቆመ ሁሉ አየን፤ ለአንዱ ሰጥቶ ሌላውን ማለፍ አልተቻለም። የ11 ዓመቱ ልጃችን «ተሳቢው ሙሉ አይደል? ለምን ከእሱ አንሰጥም?» እያለ ነዘነዘን። ባለቤቱ ለዱብሉቅ ብሎ የሰጠውን ያቤሎ ላይ ማራገፍ እንደማይገባ ነገርነው። አልተዋጠለትም። እውነቱን ለመናገር፣ ያንን አጥንት እያየን ለእኛም ቀላል አልነበረም።

ከመግሪብ በኋላ ዱብሉቅ ስንደርስ ከ40ው 13 እስር ቀርቶ ነበር። እህታችን በዓይኗ ቆጠረችው። «ያቤሎ በኩል ያሉት እንዴት ናቸው?» ብላ ጠየቀች እንጂ ስለ ቀሪው አንድም ነገር አላነሳችም። ላሞቹም ሦስት ሆነዋል። በመኪናው መብራት፣ ከሆዷ ሥር እንጨት አስገብተን አንዷን ከግራና ከቀኝ አነሳናት። ልጃችን ድርቆሹን አፏ ድረስ ያዘላት።

በማግስቱ ተሳቢውን ለመጠለያው ኮሚቴ አስረክበን ወደ ሞያሌ ቀጠልን። አልሐምዱሊላህ፣ መጋቢት ላይ ዝናቡ ሲጥል ከሦስቱ ሁለቱ ደርሰውበታል።