ወደ እስክንድርያ ለሚሄዱ ቤተ ሰቦች፤ ስለ ባሕሩ ዳር አየርና ስለ መንገድ ልብስ

መንገደኛ ከቤቱ ሳይወጣ አስቀድሞ ሊያውቀው ከሚገባው ነገር አንደኛው የሚሄድበት አገር የአየር ጠባይ ነው። ገንዘብ ቢጎድል ከወዳጅ ይበደሩታል፤ መንገድ ቢጠፋ ጠይቀው ያገኙታል፤ ሽማግሌ ወይም ሕፃን ይዞ የሄደ ሰው ግን ለብርዱ የሚሆነውን ልብስ እቤቱ ትቶት ቢገኝ ነገሩ ሐኪም ቤት ያደርሳል። እስክንድርያን «አየርዋ ለስላሳ ነው» ሲሏት የሰማ ሰው ሁሉ ቀጭን ልብስ ይዞ ይነሣል። ለስላሳነትዋ እውነት ነው፤ ነገር ግን ለስላሳ ማለት ሙቅ ማለት እንዳልሆነ አንባቢዎች እንዲያስተውሉልኝ እለምናለሁ።

ወደዚያች ከተማ መሄድ ለእኛ አገር ሰው የሽርሽር ነገር ብቻ አይደለም። ቅዱስ አትናቴዎስ በ4ኛው መቶ ዓመት አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ጳጳስ አድርጎ ከሾመበት ጊዜ ጀምሮ፥ በ1951 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ ፓትርያርክ እስከ ሆኑ ድረስ፥ ቤተ ክርስቲያናችን ከማርቆስ መንበር ጋራ ተሳስራ ኖራለች። ስለዚህ በዕድሜ የገፉት ወገኖቻችን ያችን አገር በዓይናቸው ለማየት ይመኛሉ። እናቴም ዕድሜያቸው ሰባ ካለፈ በኋላ የጥምቀትን በዓል በእስክንድርያ ለማክበር ተሳሉ። ደረታቸው ብርድ የማይችል ስለ ነበረ ታላቅ ወንድሜ «በሰው አገር ይሞቱብናል» ብሎ ከለከለ፤ እኔ ደግሞ ስእለታቸው ሳይደርስ ቢቀር ሐዘኑ ከብርዱ ይልቅ ይጎዳቸዋል ብዬ ተከራከርሁ። በመጨረሻው እርሱ «እንግዲያስ ልብሱንም ጤናቸውንም አንተ ትጠየቅበታለህ» ብሎ ፈቀደ። ሻንጣ ማዘጋጀት የቀልድ ነገር እንዳይደለ የገባኝ በዚህ ቀን ነው።

ወራቱን ለመለየት የተማርሁት ባሕረ ሐሳብ ረዳኝ። የቅብጦች ወራት ከእኛ ወራት ጋራ አንድ ናቸውና፤ የእነርሱ ቱት የእኛ መስከረም ነው፥ ኪያክ ታኅሣሥ ነው፥ ጡባ ጥር ነው፥ አምሺር የካቲት ነው። የግብፅ ገበሬ እስከ ዛሬ ድረስ የአየሩን ጠባይ የሚናገረው በእነዚህ ወራት ነው፤ ጡባን በብርድ፥ አምሺርን በነፋስ ያውቃቸዋል። እንግዲህ ወደዚያ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ የራሱን ቀን መቁጠሪያ ቢይዝ ይበቃዋል።

የእስክንድርያ ሰዎች ደግሞ በክረምታቸው የሚመጣውን የባሕር ማዕበልና ዝናብ «ነዋ» ይሉታል፤ ለእያንዳንዱም ስም አውጥተውለታል። በኅዳር መጀመሪያ ሰሞን የሚነሣው «መክነሳ» ይባላል፤ ትርጓሜውም መጥረጊያ ማለት ነው። በጥር 11 አካባቢ የሚመጣው ደግሞ «ጊጣስ»፥ ማለት ጥምቀት፥ ይባላል። እናቴ የተሳሉለት በዓል ከዝናብና ከማዕበል ጋራ የሚውል መሆኑን ከዚህ ተረዳሁ።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት እንደ ተማርሁት፥ ባሕር ቀስ ብሎ ይሞቃል፥ ቀስ ብሎም ይቀዘቅዛል። ስለዚህ በባሕር ዳር ያለ አገር በበጋ እጅግ አይነድም፥ በክረምትም እጅግ አይበርድም። በእስክንድርያ በጥር ወር የቀኑ ሙቀት 18 ዲግሪ፥ የሌሊቱ 9 ዲግሪ ያህል ነው። ይህን ያነበበ የአዲስ አበባ ሰው «የእኛም የታኅሣሥ ሌሊት ከዚህ አይሻልም» ይል ይሆናል፤ እውነቱን ነው። ነገር ግን በእኛ አገር ሌሊቱ ቢበርድ በማለዳ ፀሐይ ትወጣና አጥንት ታሞቃለች፤ አየሩም ደረቅ ነው። በዚያ ግን ነፋሱ እርጥበት አዝሎ ከባሕር ይመጣል፥ ደመናውም ፀሐይዋን ይጋርዳል። ብዙዎቹ ቤቶች ማሞቂያ የላቸውም፤ ወለላቸውም የሸክላና የድንጋይ ንጣፍ ስለ ሆነ ብርዱ ከእግር ይነሣል። የዓመቱ ዝናብ 200 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን የአዲስ አበባን አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም፤ ሆኖም አብዛኛው ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ይወርዳል።

ስእለት ሳይዘው ለዕረፍት ብቻ የሚሄድ ቤተ ሰብ ጥቅምትን ቢመርጥ መልካም ነው፤ ቀኑ 27 ዲግሪ ያህል ነው፥ ባሕሩም የበጋውን ሙቀት ገና አልለቀቀም። ሚያዝያም ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ከመጋቢት እስከ ግንቦት «ኻምሲን» የሚባል የበረሃ ነፋስ አንዳንድ ቀን አቧራ ጭኖ ይመጣና ሙቀቱን በድንገት ከ35 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል፤ ዓይንና አፍንጫ የሚሸፈንበት ሻሽ ያስፈልጋል። በሐምሌና በነሐሴ ቀኑ 30 ዲግሪ ያህል ነው፥ ዝናብ የለም፥ ነገር ግን የካይሮ ሰው ሁሉ ሙቀቱን ሸሽቶ ስለሚመጣ ማረፊያው ይጣበባል።

በክረምታቸው ለሚሄድ ሰው የልብሱ ነገር እንዲህ ነው። አንድ ወፍራም ልብስ ብቻ ከመያዝ ይልቅ የሚደራረብ መያዝ ይሻላል፤ ከሥር የጥጥ ካናቴራ፥ በላዩ የሱፍ ሹራብ፥ ከሁሉ በላይ ነፋስና ውኃ የማያስገባ ካፖርት። ጃንጥላ በባሕሩ ዳር ነፋስ ይገለበጣልና አይታመንም። ጫማው ሶሉ ወፍራም ይሁን፥ ካልሲውም የሱፍ፤ ለቤት ውስጥ ነጠላ ጫማ አይረሳ። ጋቢ ለመኝታ ወደር የለውም፤ ነገር ግን ለብሰውት ዝናብ ቢመታው በዚያ እርጥብ አየር ቶሎ አይደርቅም፥ ስለዚህ ከቤት አይውጣ። ለቤተ ክርስቲያን የሚሆነው ነጠላ ሁለት ይሁን፤ አንዱ ሲታጠብ ሌላው እንዲለበስ። ሽማግሌዎች የሚወስዱት መድኃኒት ከሻንጣ ሳይሆን ከእጅ ቦርሳ ይግባ።

ይህን ሁሉ አሰናድቼ ሻንጣውን ስመዝን ከተፈቀደው በለጠ። ከፍቼ ብፈትሸው ከታች በነጭ ሻሽ የተጠቀለለ ነገር አገኘሁ፤ የእናቴ መገነዣ ነበር። ባየሁት ጊዜ ልቤ ደነገጠ። እርሳቸው ግን ያለ አንዳች ድንጋጤ «ልጄ፥ ብሞት በሰው አገር ጨርቅ ፍለጋ እንዳትንከራተት ብዬ ነው» አሉኝ። ወንድሜ ካፖርቱ ይቅር ወይስ መገነዣው ይቅር ብሎ ጠየቀ። እኔም «እማዬ፥ ካፖርቱን ከዚሁ ለብሰውት ይሂዱ፤ ያን ጊዜ ሻንጣው ለመገነዣው ይበቃል» አልኋቸው። ሳቁና እሺ አሉ። ከባዱን ልብስ በገላ ላይ አድርጎ መጓዝ ለማንኛውም መንገደኛ የሚጠቅም ብልሃት ነው።

በቅብጦች ዘንድ ቅዳሴው በበዓሉ ዋዜማ ሌሊት ነው፤ እንደ እኛ አገር ታቦት ወደ ጥምቀተ ባሕር አይወርድም፥ ውኃው በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ይባረካል። ስንወጣ እኩለ ሌሊት ሆኖ ጊጣስ ስሙን አላሳፈረም፤ ዝናቡ በነፋስ ተገፍቶ በጐን ይመታ ነበር። እናቴ በካፖርቱ ተጠቅልለው፥ ክንዴን ይዘው፥ በጐርፉ መካከል ቀስ ብለው ሄዱ። በማግሥቱ ሳል እንዳይነሣባቸው ሌሊቱን ሙሉ እስትንፋሳቸውን ሳዳምጥ አነጋሁ፤ እርሳቸው ግን በሰላም ተኝተው ነበር። መገነዣውም ሳይፈታ ከእኛው ጋራ ወደ አገሩ ተመለሰ።

ስለዚህ ወላጆቹ ወይም አማቶቹ እንዲህ ያለ መንገድ የተመኙበት ሰው፥ ዕድሜያቸውን ብቻ ቆጥሮ አይከልክላቸው። ወሩን ይመርምር፥ ልብሱን ያሰናዳ፥ ክንዱንም ይስጣቸው። መገነዣቸውን ቢይዙ ዝም ይበል፤ ካፖርቱን ግን አይተው። ተጓዦችን ሁሉ እግዚአብሔር በሰላም አድርሶ በሰላም ይመልስ።